አቶ ይድነቃቸው ተሰማና የኅብረት ጨዋታ

በጎጃም ደጋ፥ በአምበርና በዙሪያዋ፥ እህሉ ታጭዶ ከተከመረ በኋላ የገና በዓል ሲደርስ ጎበዛዝቱ በመስክ ላይ ተሰብስበው ገና ይጫወታሉ። አንዱ ወገን በወዲህ፥ ሌላው ወገን በወዲያ ይሰለፍና ሩሯን በቈልማማ በትር እየመታ ከባላጋራው ወሰን ለማሳለፍ ይታገላል። ይህን ጨዋታ በማስተዋል የተመለከተ ልጅ አንድ ነገር ሳይማር አይቀርም። ሩሯን ለብቻው እየነዳ መሄድ የሚወድ ሰው፥ ጕልበቱ ቢበረታ፥ ሩጫውም ቢፈጥን፥ ብዙ ሳይርቅ ይከበባል። ለባልንጀራው የሚያቀብል ግን ባላጋራዎቹን ግራ ያጋባቸዋል። ስለ ምን ቢሉ፥ ወደ እርሱ ሲሮጡ ሩሯ ከእርሱ ዘንድ የለችም፤ ወደ ባልንጀራው ሲሮጡ ደግሞ እርሱ ነጻ ሆኖ ይቀራል።

የእግር ኳስና የቅርጫት ኳስ ጨዋታም እንዲሁ ነው። በቅርጫት ኳስ አምስት ሰዎች፥ በእግር ኳስ አሥራ አንድ ሰዎች በአንድ ወገን ይሰለፋሉ። ነገር ግን ሰዎች በአንድ ወገን ስለ ተሰለፉ ብቻ አንድ ቡድን አይሆኑም። የአንዱ ጠባይና ሙያ ከሌላው ጠባይና ሙያ ጋር ሲገጥም ያን ጊዜ ቡድን ይባላሉ። ይህን ነገር ለኢትዮጵያ በሥራ ካሳዩት ሰዎች አንዱ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ ችሎታቸው ስማቸው በአገሩ ሁሉ የተጠራ ሰው ነበሩ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ ጀርመን አገር ሄደው ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። ልጃቸው ግን ዝናቸውን ያገኙት በዜማ ሳይሆን በኳስ ነው።

በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ክለብ ተመሠረተ። ዓመቱ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር የኢትዮጵያን ድንበር ጥሶ የገባበት ዓመት ነበር። ወጣቱ ይድነቃቸው ከዚህ ክለብ ገብተው ይጫወቱ ጀመር። በሚከተሉት የወረራ ዓመታት ጠላት ሰውን በዘር የሚለይ ሕግ ስለ ደነገገ፥ ኢትዮጵያውያን ለብቻቸው፥ ጣልያኖችም ለብቻቸው ይጫወቱ ነበር። እንግዲህ አቶ ይድነቃቸው ሰውን በቀለሙ የሚከፋፍል ጨዋታ ምን እንደሚመስል ገና በወጣትነታቸው በዓይናቸው አዩ።

በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ከተመለሰ በኋላም ከቅዱስ ጊዮርጊስ አልተለዩም። በጠቅላላው ሃያ ሦስት ዓመት በዚህ ክለብ ተጫወቱ። በእነዚህ ዓመታት 365 ጊዜ ተሰልፈው 318 ግብ እንዳገቡ ይቈጠርላቸዋል። ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል።

318 ግብ እጅግ ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ቍጥሩን የሚሰማ ልጅ ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን እንደ ሠራው አድርጎ እንዳያስብ ይገባዋል። ግብ የሚያገባው ሰው ኳሱን ከሌላ ሰው ይቀበላል፤ ያም ሰው ከሌላ ተቀብሏል፤ ከእርሱም አስቀድሞ አንድ ተከላካይ ኳሱን ከባላጋራ እግር ነጥቋል። ይህም ሁሉ ሲሆን አንድ ሌላ አጥቂ ኳሱን ሳይነካው በሌላ አቅጣጫ ሮጦ የባላጋራውን ጠባቂ አስከትሎ ወስዷል። ተመልካቹ ለመጨረሻው ሰው ያጨበጭባል። ተጫዋቹ ግን ግቡ የስንት ሰው ድካም እንደ ሆነ ያውቃል።

በዚያን ዘመን የእግር ኳስ አሰላለፍ እንዲህ ነበር። አንድ ሰው ግብ ይጠብቃል። ከፊቱ ሁለት ተከላካዮች ይቆማሉ። ከእነርሱ ፊት ሦስት አማካዮች፥ ከሁሉም ፊት አምስት አጥቂዎች ይሰለፋሉ። ከአምስቱ አጥቂዎች ሁለቱ በሜዳው ዳርና ዳር ይሆናሉ፤ ሦስቱ በመካከል ይሆናሉ።

የእነዚህ አጥቂዎች ሥራ አንድ ዓይነት አይደለም። በዳር ያለው ፈጣን መሆን አለበት፤ እርሱ በሜዳው ጠርዝ ሲሮጥ የባላጋራው ተከላካይ ሊይዘው ወደ ጠርዝ ይወጣልና መካከሉ ይከፈታል። በመካከል ያለው ኳሱን ከእግሩ ሳያመልጥ የሚይዝና የባልንጀሮቹን መቆሚያ አሻግሮ የሚያይ መሆን አለበት፤ በተከፈተው ስፍራ ኳሱን የሚያሳልፈው እርሱ ነውና። የሚያገባውም ሳይዘገይ የሚመታ መሆን አለበት፤ ያ ስፍራ ተከፍቶ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። አምስቱም ፈጣኖች ቢሆኑና የሚያቀብል ባይኖር ሩጫቸው ከንቱ ይሆናል። አምስቱም አቀባዮች ቢሆኑና የሚያገባ ባይኖር ኳሱን ሲቀባበሉ ይመሻል። ስለዚህ የአንዱ ሙያ ዋጋ የሚኖረው የሌላው ሙያ ሲጨመርበት ነው።

በቤተ ክርስቲያን ማኅሌት የቆመ ሰው ይህን በቶሎ ይረዳዋል። ካህናቱ በቀኝና በግራ ይሰለፋሉ፤ አንዱ ይመራል፥ ሌላው ይቀበላል፤ ከበሮው ይመታል፥ ጸናጽሉ ይንሿሿል፥ መቋሚያው ይወዛወዛል። ከበሮ መቺው ጕልበት ስላለው ብቻ ቢቸኩል ዜማው ሁሉ ይበላሻል። ድምፁ ያማረውም የሌላውን ድምፅ ሳይሰማ ቢጮኽ ውበቱ ጕድለት ይሆንበታል። ማኅሌት የሚያምረው ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሚያደርጉ አይደለም፤ እያንዳንዱ የየራሱን ሲያደርግ ሌላውን ስለሚሰማ ነው።

አቶ ይድነቃቸው ከተጫዋችነታቸው በላይ ሌላ ትልቅ ሥራ ነበራቸው። በሰኔ ወር 1948 ዓ.ም. የግብፅ፥ የሱዳን፥ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ የኳስ መልእክተኞች በፖርቱጋል ከተማ በሊዝበን ተገናኝተው የአፍሪካ አገሮች በኳስ የሚተባበሩበትን ማኅበር ለማቆም ተመካከሩ። በዚህ ሥራ ከኢትዮጵያ ወገን የደከሙት አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ማኅበሩ በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም. በካርቱም ተመሠረተ፤ የመጀመሪያውም የአፍሪካ ዋንጫ ውድድር በዚያው ከተማ በዚያው ወር ተደረገ።

ደቡብ አፍሪካ ግን ነጭና ጥቁር በአንድነት የተሰለፉበትን ቡድን ለመላክ እንቢ አለች። ሦስቱ አገሮችም በዘር የተከፋፈለ ቡድን አንቀበልም ብለው ያለ እርሷ ተወዳደሩ። ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ልትጫወት ተመድባ ስለ ነበረ ሳትጫወት ለፍጻሜው አለፈች፤ በፍጻሜውም ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈቻት። አራቱንም ግብ ያገባው አድ ዲባ የተባለ አንድ ግብፃዊ ነበር። ሁለተኛው ውድድር በ1951 ዓ.ም. በካይሮ ተደረገ። በዚያም ግብፅ እንደ ገና 4 ለ 0፥ ሱዳንም 1 ለ 0 አሸነፏት። እንግዲህ በሁለቱ ውድድሮች በኢትዮጵያ ላይ 9 ግብ ገባባት፤ እርሷ ግን አንዲት ግብ እንኳ አላገባችም።

ሦስተኛው ውድድር በጥር ወር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሆነ። ኢትዮጵያ፥ ግብፅ፥ ቱኒዚያና ኡጋንዳ አራቱ ተወዳዳሪዎች ነበሩ። የኢትዮጵያን ቡድን የሚያሠለጥኑት አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። በእጃቸው የነበሩት ሰዎች በአዲስ አበባ፥ በአሥመራና በሌሎችም ከተሞች ያደጉ፥ በልዩ ልዩ ክለብ የሚጫወቱ፥ በሌላው ጊዜ እርስ በርሳቸው ባላጋራ የሆኑ ነበሩ። ከእነዚህም መካከል ክፍሎም አርአያ፥ አስመላሽ በርሄ፥ አዋድ መሐመድ፥ ተስፋዬ ገብረ መድኅን፥ ግርማ ተክሌ፥ ጌታቸው ወልዴ፥ መንግሥቱ ወርቁ፥ ደግሞም ሉቺያኖና ኢታሎ ቫሳሎ የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች ይገኙ ነበር።

ሉቺያኖና ኢታሎ በአሥመራ ከኢጣልያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱ ናቸው። የወረራው ዘመን ካበቃ ገና ሃያ አንድ ዓመት ነበር። በዚያ ጊዜ በአዲስ አበባ አባቱን ወይም ወንድሙን በጦርነቱ ያጣ ሰው ብዙ ነበር፤ የኢጣልያ ስም ሲጠራ ቍስሉ የሚያመው ሰው ጥቂት አልነበረም። ሆኖም የኢትዮጵያ ቡድን አምበል የነበረው ይኸው ኢጣልያዊ ስም ያለው ሉቺያኖ ነበር። በወጣትነታቸው የዘር ሕግን ያዩት አቶ ይድነቃቸው በሚመሩት ቡድን ሰው የተመዘነው በአባቱ አገር ሳይሆን በሙያው ነበር።

መንግሥቱ ወርቁ በእድሜ ከሉቺያኖ ያንስ ነበር። በጎጃም አራሽ ወይፈን ለማስለመድ ሲፈልግ ከሌላ ወይፈን ጋር አይጠምደውም፤ እርሻ ከለመደ በሬ ጋር ይጠምደዋል እንጂ። የለመደው በሬ ፈሩን ይጠብቃል፤ ወይፈኑም ብርታቱን ያመጣል። ጥማዱ እስኪገጥም ድረስ ጥቂት ቀን ያስፈልጋል፤ ከገጠመ በኋላ ግን አራሹ ጅራፉን ብዙ አያነሣም። በኳስም እንዲሁ ሰዎች አብረው ብዙ ሲጫወቱ አንዱ የሌላውን ልማድ ይማራል። ባልንጀራው በቀኝ እግሩ ይቀበላልን ወይስ በግራው? ኳሱን በእግሩ ላይ ይወዳልን ወይስ ከፊቱ ተልኮለት ሊሮጥበት ይወዳል? ይህን ያወቀ ሰው ቀና ብሎ ሳያይ እንኳ ኳሱን ወደሚገባው ስፍራ ይልካል።

ጥር 6 ቀን ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈች። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እሑድ፥ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፥ ከግብፅ ጋር ለፍጻሜው ተገናኘች። ሁለት ጊዜ 4 ለ 0 ያሸነፈቻት ያችው ግብፅ ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተው ነበር፤ ሕዝቡም ስታዲየሙን ሞልቶት ነበር።

በመጀመሪያው አጋማሽ በደዊ የተባለው ግብፃዊ አንድ ግብ አገባ። ከዕረፍት በኋላ ብዙ ጊዜ ካለፈ ዘንድ ግርማ ተክሌ አግብቶ አስተካከለ። ደስታው ሳይበርድ በደዊ ሁለተኛውን ግብ ለግብፅ ጨመረ። ይህ ጊዜ ለቡድን ከሁሉ የሚከፋው ጊዜ ነው። ብዙ ደክሞ ያገኘውን ወዲያው ሲያጣ አንዱ አንዱን መውቀስ ይጀምራል፤ እያንዳንዱም ብቻውን ሮጦ ሊያድን ያስባል፤ ኅብረቱም ይፈርሳል። ዳሩ ግን የኢትዮጵያ ልጆች አልተበተኑም። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ አገባ። 2 ለ 2 ሆነው ስለ ጨረሱ ተጨማሪ ጊዜ ተሰጠ። በተጨማሪው ጊዜ መጀመሪያ ኢታሎ፥ ሊያልቅ ሲልም መንግሥቱ አገቡ። ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ሉቺያኖም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

በዚያ ቀን የገቡትን ግቦች መርምሮ መቍጠር ይጠቅማል። የግብፅን ሁለት ግብ ያገባው አንድ ሰው ነው። የኢትዮጵያን አራት ግብ ያገቡት ግን ግርማ፥ ሉቺያኖ፥ ኢታሎና መንግሥቱ፥ አራት ሰዎች ናቸው። በውድድሩ ሁሉ መንግሥቱ 3 ግብ በማግባት ከበደዊ ጋር የአንደኝነት ስፍራ አገኘ፤ ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ በሁለቱ ጨዋታ ካገባችው 8 ግብ 5ቱ የሌሎች ነበሩ። ባላጋራው መንግሥቱን ሲጠብቅ ግርማ ይመጣበታል፤ ግርማን ሲጠብቅ ሉቺያኖ ይመጣበታል። አንድ በር ያለውን ቤት መዝጋት ይቻላል፤ አራት በር ያለውን ቤት ግን አንዱን ሲዘጉ ሌላው ይከፈታል።

ይህን ሲሉ እውነትን ማጋነን አይገባም። በራስ አገር መጫወትና የሕዝብ ድጋፍ ረድቷቸዋል፤ የአዲስ አበባም ደጋ አየሩ ቀጭን ስለ ሆነ ከቈላ ለመጣ እንግዳ ሩጫውን ያከብድበታል። በ1949 ዓ.ም. አድ ዲባ አራት ግብ ማግባቱም አንድ ሰው ታላቅ ነገር ሊያደርግ እንደሚችል ያሳያል፤ እርሱም ቢሆን የሚያቀብሉት ባልንጀሮች ነበሩት። ዳሩ ግን ደጋ አየር ኳስ አያቀብልም፤ የሕዝብም ጩኸት ግብ አያገባም። ሁለት ጊዜ ተመርተው ሁለት ጊዜ ያስተካከሉት፥ በመጨረሻም ያሸነፉት፥ እርስ በርሳቸው የተማመኑ ሰዎች ናቸው።

ከዚህ በኋላ የአቶ ይድነቃቸው ሥራ ከአገራቸው አልፎ ለአፍሪካ ሁሉ ሆነ። በ1964 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ በዚህም ሹመት አሥራ አምስት ዓመት እስከ ሞታቸው ድረስ ቆዩ። በዚህ ዘመን ሁሉ በደቡብ አፍሪካ ያለውን የዘር መድልዎ ሳይታክቱ ይቃወሙ ነበር። ሰው በቀለሙ ምክንያት ከባልንጀራው ጋር እንዳይሰለፍ የሚከለከልበት አገር ከሌሎች አገሮች ጋር ሊጫወት አይገባውም ብለው ጸኑ። በ1968 ዓ.ም. የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ከአባልነት አስወጣት።

አቶ ይድነቃቸው በነሐሴ ወር 1979 ዓ.ም. በስድሳ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። ያን ጊዜ በደቡብ አፍሪካ የመድልዎ ሕግ ገና አልፈረሰም ነበርና የደከሙበትን ነገር ፍሬ በዓይናቸው አላዩም። ከሞቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ያ ሕግ ፈረሰ፤ ደቡብ አፍሪካም ወደ ማኅበሩ ተመለሰች። በጥር ወር 1988 ዓ.ም. ነጭና ጥቁር በአንድነት የተሰለፉበት ቡድኗ በጆሃንስበርግ ቱኒዚያን 2 ለ 0 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። በ1949 ዓ.ም. አይሆንም የተባለው ነገር ከሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ሆነ፤ በሆነም ጊዜ ድል አመጣ።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ አካልና ስለ ብልቶች ሲጽፍ፥ ዓይን እጅን ሊንቅ እንደማይችል አስተምሯል። የአቶ ይድነቃቸው ታሪክ ይህንኑ በሌላ መንገድ ያስተምራል። ብርቱ ልጅ በብርታቱ ብቻ አይመካ፤ ብርታቱ ለባልንጀራው መንገድ ሲከፍት ሁለት እጥፍ ይሆናልና። ደካማ የሚመስለውም ልጅ ተስፋ አይቍረጥ፤ ፈጣን ባይሆን አስተዋይ ሊሆን ይችላልና። ከሌላ አገር ወይም ከሌላ ወገን የመጣውን ልጅ የሚገፋ ቡድን ራሱን ይጐዳል፤ ምናልባት የሚያስፈልገው አራተኛው በር ያ ልጅ ይሆናልና። በትምህርት ቤትም፥ በእርሻም፥ በቤትም፥ ሥራ የሚቃናው እያንዳንዱ የራሱን ሙያ አውቆ የባልንጀራውን ሙያ ሲያከብር ነው።